አንዲት ብሎን ብቻ ቀረች

መኪናውን ጠዋት ጋራዥ ጥሎ ሥራ የገባ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ ሲደወልለት የሚሰማት ንግግር አለች። «ጋሼ፣ አልቋል እኮ! አንዲት ብሎን ብቻ ናት የቀረችው።» ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ባለ አሮጌ መኪና ግን የማታ ቀጠሮውን ይሰርዛል፤ ቤት ደውሎ በታክሲ እንደሚገባ ይናገራል፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣለት ሰው ያፈላልጋል። ያቺ አንዲት ብሎን ምን እንደምትችል ያውቃልና።

እምቢ የምትለው ለምን ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ትሆናለች እያልን እናማርራለን። ዓይን ገብቶባት ነው የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን ምሥጢር የለውም። መካኒኩ ሲጀምር ሁሉንም ይነካካቸዋል፤ እሺ ያለችውን ይፈታል፤ ያስቸገረችውን «ቆይ፣ ላንቺ እመለሳለሁ» ብሎ ያልፋታል። ሌሎቹ ካለቁ በኋላ ማን ይቀራል? ያቺው ናታ! ጣጣው እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጓደኞቿ ሲፈቱ የዕቃው ክብደት በሙሉ እሷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዕቃው ዘንበል ይላል፤ ጥርሷ በአንድ ጎን ይጫናል። ጠዋት አስቸጋሪ የነበረችው ከሰዓት በኋላ የማትቻል ትሆናለች። ሌሎቹን ላላ ብቻ አድርጎ ትቶ መጀመሪያ ከእሷ ጋር መጨረስ እንደሚሻል የማያውቅ መካኒክ ያለ አይመስለኝም። ግን ማን ቀኑን በጠብ ይጀምራል?

ደግሞ የሚያናድደው ነገሩ ሁሉ የሚነሣው ከትንሽ ሥራ መሆኑ ነው። ቴርሞስታት መቀየር። የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን መቀየር። የውሃ ፓምፑን «እስቲ አንዴ እንየው» ማለት። «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ይባላል፤ ገና ከፋብሪካ ለወጣ መኪና እውነት ይሆናል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝናብና አቧራ ለጠጣ ሞተር ግን ግማሽ ሰዓት የ12 ቁልፍ የት እንደገባች መፈለጊያ ነው።

ቴርሞስታቱን እንያዝ። ክዳኑ ከሞተር ሞተር ይለያይ እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ትንንሽ ብሎኖች የሚታሰር የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ብሎኗ ብረት፣ ክዳኑ አሉሚኒየም፣ በመካከላቸው ውሃ። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አንደኛው ይበላል፤ እዚህ ላይ ተበዪው አሉሚኒየሙ ነው። የተበላው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ይሆንና በብሎኗ ወገብና በቀዳዳው መካከል ያለችውን ክፍተት ጠቅጥቆ ይሞላታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥርሷ ንጹሕ ነው፤ የተያዘው ወገቧ ነው። መካኒኩ ከጥርሷ ጋር ሲታገል እሷ ወገቧን ታጥቃ ትጠብቀዋለች።

ይህን ያመጣው ልማድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ራዲያተር ውስጥ ውሃ በረዶ አይሠራም ተብሎ፣ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ይኖራል። ኩላንት ለብርድ አገር ሰው የተሠራ ይመስለናል፤ ዝገት የሚከላከል ቅመም እንዳለበት የሚነግረን የለም። ዳገት ላይ ሞቆ የቆመ መኪና ሲታይ ከየሱቁ ተሯሩጦ የሚመጣው ውሃ ነው፤ ሰዉ ቅን ነው፣ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ራሱ ይሞላልሃል። የዚያ ሁሉ ጠርሙስ ውሃ ሂሳብ ከዓመታት በኋላ የሚወራረደው በዚያች ብሎን ላይ ነው።

ስትቆረጥ ያለውን ስሜት የማያውቅ መካኒክ የለም፤ አጠገቡ ቆሞ ያየ ባለ መኪናም ያውቀዋል። ቁልፉ ይገባል። መጀመሪያ ምንም። ረዳቱ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ቁልፉ ትንሽ ይሄዳል፤ የሁላችንም ፊት ይፈታል። አካሄዱ ግን ደስ አይልም። የምትፈታ ብሎን መጀመሪያ «ቀጭ» ብላ ትላቀቃለች፤ ይህቺኛዋ ድምፅ የላትም፣ እንደ ማስቲካ ትለጠጣለች። ያቺን ልስላሴ እጁ ላይ የሰማ መካኒክ ማቆም እንዳለበት ያውቃል፤ የሚያቆምም አለ። ያላቆመው ክንዱ በድንገት ባዶ ይሆንበታል። የብሎኗ ራስ ቡሶላው ውስጥ ቁጭ ብላ ትወጣለች፤ አንገቷ ላይ የተጠመዘዘው ብረት ገና አዲስ ነውና ያብረቀርቃል። ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር በየጋራዡ አንድ ነው፤ «ድሮም ተሰንጥቃ ነበር እኮ።»

ራሷ የተበላች ብሎን ግን የዝገት ሥራ አይደለችም፤ የሰው እጅ ሥራ ናት። የጃፓን መኪና ላይ ባለ 8 ሚሊሜትሯ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቁልፍ፣ ባለ 10ሯ ደግሞ በ14 ትፈታለች። የጀርመኖቹና የላዳ መኪናዎች ላይ እነዚያው ብሎኖች 13ና 17 ናቸው። ጋራዡ አንዲት ደህና የ12 ቁልፍ አለችው፤ እሷንም ጠዋት ጎረቤት ተውሷታል። የቀረው 13 ነው። «ትይዛለች» ይባላል። ትይዛለች! በጎኗ የጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ ሲጠቀጠቅላት ትይዛለች። ጠንከር ተብሎ ሲገፋ ስድስቱ ማዕዘኗ ይላጥና ክብ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው 12 ከጎረቤት በሰልፍ ቢመጣ ምን ሊይዝ?

ቡሶላውም የራሱ ጣጣ አለው። ገበያውን የሞላው አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ነው፤ በየትም አቅጣጫ ቶሎ ስለሚገባ ይወደዳል። ለጠበቀች አሮጌ ብሎን ግን ደመኛዋ እሱ ነው። የሚገፋት ማዕዘኗ ጫፍ አካባቢ ስለሆነ ጫፉን ልጦ ያልፋል። ስድስት ጥርስ ያለው ጎን ለጎን ይዞ ስለሚገፋ ከራሷ ጋር አይጣላም። የሁለቱን የዋጋ ልዩነት ከአንዲት የተበላች ብሎን ጣጣ ጋር ያስተያየ ሰው ምን ዓይነት ሳጥን እንደሚገዛ ይታወቃል። ግን ሳጥኑን የሚገዛው መካኒኩ ነው፣ ጣጣውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

የካርቡሬተሩ ባለ መስቀል ብሎኖችማ አይነሡ። አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስፋፋው መስቀል አለ፤ ጃፓኖች ደግሞ ለራሳቸው ሌላ ደረጃ አውጥተውለታል። ሁለቱን ቁጭ አድርጎ ያየ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አያገኘውም። የፊሊፕሱ ካቻቪቴ ጃፓኑ መስቀል ውስጥ ሲገባ ታች ድረስ አይቀመጥም፤ ትንሽ ይንሳፈፋል፤ ሲጠመዘዝ ሽቅብ ይወጣና መስቀሉን ጉድጓድ አድርጎት ይሄዳል። በየሱቁ የተሰቀለው ካቻቪቴ የፊሊፕስ፣ ሊፈታ የቀረበው ካርቡሬተር የጃፓን። ከዚያ በኋላ ያለው ስካርፔሎና መዶሻ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ መዶሻ የሚወድ ዕቃ አይደለም።

አንዳንዷ ብሎን ደግሞ ጥፋቷ ያለችበት ቦታ ነው። የሞተሪኖን የላይኛዋን ብሎን የፈታ ሰው ያውቃታል። ከማኒፎልዱ ሥር፣ ከሽቦው ኋላ፣ ከግድግዳው ፊት። እጅ የሚገባበት ቦታ ዓይን አይገባም፤ ዓይን የሚያይበት ቦታ ቁልፍ አይገባም። መካኒኩ ጉንጩን ሞተሩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጫፍ ያገኛታል። ቁልፉ ሲገባ የሚዞረው የአንድ ጥርስ ያህል ብቻ ነው፤ አውጥቶ እንደገና፣ አውጥቶ እንደገና። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ እሷን ያሰራት ሞተሩ ገና ሳይጫን በፊት ነበር፤ አንዴ አስሯት ቤቱ ገባ።

ጋራዥ ሁሉ አንድ የኒዶ ጣሳ አለው። ከስንት መኪና የተረፈ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ በተቃጠለ ዘይት ተለውሶ ተከማችቶበታል። የጠፋች ብሎን ምትክ የሚፈለገው እዚያ ነው። ረዳቱ ጣሳውን ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል፤ በጣቱ ይበትናል፤ ወፍራሟን ከቀጭኗ፣ አጭሯን ከረጅሟ ይለያል፤ አንዷን አንሥቶ ከተቆረጠችው ጎን አቁሞ ቁመቷን ያያል። «ልኳ ናት!» ልኳ አይደለችም። ባለ 10 ሚሊሜትር ብሎን ሁሉ ጥርሷ አንድ አይደለም፤ ጃፓን ሞተር ላይ ብዙውን ጊዜ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር ነው፤ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የምትገኘው ተራዋ ባለ 10 ደግሞ 1.5 ናት። በዓይን አይለዩም። ጣት አንድ ሁለት ዙር ያስገባታል፤ ከዚያ ትጠብቃለች። እዚህ ላይ ማውጣት ነበር። ግን «ቆሻሻ ይዟት ነው» ተብሎ ቁልፍ ይመጣል፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ይሰካል። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም፤ ጥርሱን አስረክቦ ያስገባታል። ብሎኗ «ጥብቅ አለች» ተብሎ መኪናው ይሸኛል።

ከዓመት በኋላ የሚፈታት ሌላ ሰው ነው። ብሎኗ የቀዳዳውን ጥርስ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ትወጣለች። እርግማኑም፣ ክርክሩም፣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚለው ጩኸትም የሚወርደው የዚያን ቀን በቦታው ባልነበረው መካኒክ ላይ ነው። የዚህ ሁሉ እሮሮ ሥሩ ይህ ይመስለኛል። አጥባቂውና ፈቺው አይገናኙም። የሚያጠብቀው የሚፈታውን ቀን አያስበውም፤ የሚፈታው ያጠበቀውን አያውቀውም፤ በመካከል የሚከፍለው ያው ባለ መኪናው ነው።

ብሎን ራሷ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያነብ ቢኖር እንኳ ነገሩ ይሻል ነበር። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ጽሑፍ ለጌጥ አልተቀረጸም። 8.8 ያለችው በካሬ ሚሊሜትር እስከ 800 ኒውተን ያህል ተስባ ትችላለች፤ ሳትበላሽ የምትለጠጠው ግን እስከ ሰማንያ በመቶው ድረስ ነው። 10.9 ከዚያ በላይ ናት። ቁጥር የሌላትን የበር ማጠፊያ ብሎን 10.9 በነበረችበት ቦታ ማሰር ለቀጣዩ ሰው ቀጠሮ መያዝ ነው።

ላቫጆ ቤት ያለችውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን። ዘይት እንዳያንጠባጥብ ተብሎ በሁለት እጅና በአንድ እግር የምትጠብቅ ናት። ማንጠባጠብ የሚያስቆመው ሥሯ ያለችው ሮንዴላ ናት፤ እሷ አርጅታ እያለ ጉልበት ቢጨመር የሚያልቀው የኮፓው ጥርስ ነው። ሮንዴላዋን መቀየር ከሻይ ሂሳብ የማይበልጥ ነገር ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ቴፍሎን ይጠመጠማል፤ ቴፍሎኑ ሲያልቅ ሲሊኮን ይቀባል፤ ከዚያ «አይነኳት፣ ዘይቱን ከላይ በቱቦ እንስበዋለን» ይባላል።

የተጣበቀች ብሎን ያለችበት መኪና ዙሪያ ሰው ይሰበሰባል፤ ሁሉም መድኃኒት ያዛል። አንዱ ናፍታ አርከፍክፍባት ይላል። ሌላው ነጭ ጋዝ። ሦስተኛው ፍሬን ዘይት፤ ቀለሙን እንደሚበላው ይረሳል። በር ላይ የተቀመጠው ጥበቃ ኮካ ኮላ ይላል፤ ኮካው ሲመጣ ግማሹን ራሱ ይጠጣዋል። ዘመናዊው ደብሊው ዲ 40 ይላል። ያ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የተቀመመው ከሮኬት ብረት ላይ እርጥበት ለማባረር ነበር፤ በዚያ ሥራው ጎበዝ ነው። የቆየ ዝገት ሰርስሮ ለመግባት ግን ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ዘይቶች ይበልጡታል፤ እነሱ ደግሞ በየሱቁ አይገኙም።

ከሁሉም የሚሻለው ጊዜ ነው፤ ማታ አርከፍክፎ ማሳደር፣ ጠዋት ደግሞ መድገም። ይህን የሚፈቅድ የለም። የመካኒኩ ቦታ ይያዝበታል፤ ባለ መኪናው ነገ ክፍለ ሀገር ለቅሶ አለበት። ስለዚህ ይረጫል፤ አንድ ቡና እስኪጠጣ ይጠበቃል፤ ቁልፍ ይገባል፤ ጭ! ራሷን ቀጥ አድርጎ በመዶሻ መምታት፣ ከማላላት በፊት ትንሽ ማጥበቅ፣ ፊትና ኋላ እያሉ ማለማመድ፣ እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። ሁሉም ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ትዕግሥት ደግሞ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለማምዶ ብሎኗን በሰላም ያወጣ መካኒክ «ብሎን ለመፍታት» ብሎ ምን ሊያስከፍል ነው? ቆርጦ ያወጣት ነው የሚከፈለው።

እሳትም መድኃኒት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል። ግን 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡ በፊትም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ብረት የለመደ እጅ የሚቀላ ነገር ሲጠብቅ የቴስታታው ጥግ ጠብ ይላል። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ብሎኗን ሞቅ ያደርጉና ሻማ ይነኩባታል፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሷ መካከል ይሰርጋል። ሲሠራ አይቻለሁ። ግን ይህን ከናፍታውና ከነጭ ጋዙ በፊት ነው ማሰብ፤ በኋላ ከሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ያ የኮካ ጥበቃ ነው።

ተቆርጣ ስትቀር «ማውጫ አለ» የሚል ይመጣል። መሃሏ ይበሳና በግራ የሚዞር ጥምዝ ብረት ይገባባታል፤ በተዞረ ቁጥር ይነክሳል፣ ነክሶ ያወጣል። ማስታወቂያው ላይ ያምራል። እዚህ ግን ፑንታው መሃሏ ላይ አይቆምም፤ ጠንካራዋን ብሎን ሸሽቶ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይመርጣል። ተሳክቶ ተበሳ እንበል። ሙሉ ራሷን ይዞ ያላወጣትን ጉልበት ከእሷ የቀጠነ ብረት እንዴት ይችለዋል? ማውጫው ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው፤ ጠንካራ በመሆኑም አይለጠጥም፣ ይሰበራል። የሚሰበረውም ቀዳዳዋ ውስጥ ነው። አሁን ውስጧ የቀረው ብረት ተራ ፑንታ የማይበሳው ሆነ። ከድጡ ወደ ማጡ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ተስፋ የማደርገው በበያጁ ነው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ብሎን ከሁሉም የከፋች ናት፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ትጋላለች፣ በጠፋ ቁጥር ትቀዘቅዛለች፤ ስንት ዓመት እንዲህ ስትሆን ከዳዶዋ ጋር አንድ አካል ሆናለች። ተቆርጣ ከቴስታታው ፊት እኩል ቀርታለች እንበል። በያጁ ይንበረከክና በመጀመሪያ «ባትሪውን ፍቱት» ይላል፤ ይህን ያላለ በያጅ ቢቀርብህ መኪናህን ይዘህ ሂድ። ከጣሳው ከእሷ ሰፋ ያለች ዳዶ ይመርጣል፤ ዘይቷን ያቃጥልላታል፤ በፒንሳ ይዞ ስብራቷ ላይ ያስቀምጣታል። ኤሌክትሮዱን በዳዶዋ ቀዳዳ ሰዶ የብሎኗ መሃል ላይ ያቀጣጥላል፤ ከመሃል ወደ ዳር እያለ ይሞላል። የፈሰሰው ብረት አሉሚኒየም ላይ ስለማይጣበቅ ቴስታታው አይነካም። የመጀመሪያዋ ዳዶ አንዳንዴ አትይዝም፤ ብቻዋን ተላቅቃ ትወድቃለች፤ ሌላ ይመረጣል።

ስትይዝ ቶሎ አይነካትም። ቅላቷ ወደ ጥቁር እስኪመለስ ይጠብቃል፤ አጠገቡ የቆመው ባለ መኪና «ሞክራት በቃ» ቢለውም አይሰማም። ብሎኗ ስትግል ተነፍታ ዝገቷን ሰባብራለች፤ ስትቀዘቅዝ ትኮስሳለች። ከዚያ ቁልፍ ይገባል፤ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ ማላላቱ። ደረቅ ጩኸት ይሰማል፤ ቀይ ዱቄት ከጥርሷ ይረግፋል፤ አንድ ዙር፣ ግማሽ ዙር መልስ፣ ደግሞ አንድ ዙር። ወጣች! በያጁ የጠየቀው ይከፈለዋል፤ ዋጋ የሚከራከር አላየሁም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መብራት ካለ ነው። መብራቱ የሚጠፋው ደግሞ ዳዶዋ ግማሽ በተበየደች ጊዜ ነው። ብየዳው ካልተሳካ ቶርኖ ቤት ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ይበሳል፣ ማስኪዮ ይገባበታል፣ ቡሽ ይሠራለታል። ባለ ቶርኖው ግን «ሞተሩን ይዛችሁ አትምጡ፣ ቴስታታውን አውርዱ» ይላል። ቴስታታው ከወረደ ጓርኒሲዮኑ ይገዛል፤ ጓርኒሲዮን ሊገዛ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው «እግረ መንገድህን ቫልቮላውንም አሳይ» ይባላል። ግማሽ ሰዓት የተባለው ቴርሞስታት ሳምንቱን ያልፋል፤ ቴርሞስታቱ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም።

ከዚህ ሁሉ አንጀት የሚያሳርረኝ ግን ሌላ ነው። የተቆረጠች ብሎን ራስ ሲሊኮን ተቀብታ፣ ያልተነካች መስላ ቦታዋ ላይ ተለጥፋ መገኘቷ። ሂሳብ ተከፍሏል፣ ተመሰጋግነን ተለያይተናል። ከወራት በኋላ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሌላው መካኒክ ቁልፍ ሊያስገባ ጎንበስ ሲል ራሷ በጣቱ ትነሣለች። ማን አደረገው? መኪናው ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ አይቷል! ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ አጣብቆ፣ ጠርጎ፣ ጥቁር ቀለም ሁሉ ነክቷታል። ያን ያህል ከለፋ «አንዷ ተቆርጣለች፣ ምን ይሻላል?» ለማለት ምን ከበደው? መልሱን የሚያውቅ አንድ ቀን ጋራዥ ውሎ ባለ መኪናው እንዲህ ሲባል እንዴት እንደሚጮህ ያየ ሰው ነው።

«ታዲያ ለምን አትሸጠውም?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሸጬ ምን ልገዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ግብሩን ሰማይ አደረሰው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከነአካቴው እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። ዲኤክሱም፣ ላዳውም፣ ቪትዙም ላይ ያለችው እያንዳንዷ ብሎን ገና ስንት እጅ ታያለች፤ ጣሳውም ገና ብዙ ይሞላል።

«ኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል» የሚለውም መጥቷል። ማኒፎልድ የለው፣ ካርቡሬተር የለው፣ የሞተር ዘይት የለው። እውነቱን ነው። ጎማው ግን በዳዶ ነው የታሰረው፤ ጎሚስታውም ያው ጎሚስታ ነው። የተለመደው ኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን የጎሚስታ ልጅ ሠላሳ አምስት ሴንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ሲቆም 240 ያህል ይሆናል፤ ይህ ዝም ብሎ ሲቆም ነው። ልጁ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይዘላል። ማታ የአዳማ መንገድ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሰው እጁ ላይ ያለው ከመኪናው ጋር የመጣው አጭሩ ቁልፍ ነው፤ ያን ልጅ ከየት ያምጣው? ይህን ለልጁ በትሕትና ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ጎማው ቢወጣ ማን ይጠየቃል?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እሱ ነው የሚጠየቀው። «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው» አለና ቁልፉ ላይ ወጥቶ አንዴ ደገማት።